ከላባ እግር ሥር

«እህቴ? እሷ እንኳ ዕቃ ትሸከም ነበር» አለች ላባ በስልክ። እትዬ ግማሽ ባልዲ ውሃዋን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቀጥ አለች። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ ላባ ደግሞ ጆሮዋ ስለደከመ ስልክ የምታወራው ድምፁን ለቃ ነው። ከወዲያ ጫፍ ያለው ወጣት፣ የአዲሱ ሰርከስ አለቃ፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ ይሰማል። «ችግር የለም፣ ከፈለጉ ይዘዋቸው ይምጡ፤ ከኋላ በኩል ወንበር አናጣላቸውም» አለ። እትዬ ባልዲውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ፎጣ አፏ ላይ ጭና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እትዬ በጣም ስትናደድ ነው የምትስቀው። በልጅነቷም እንዲሁ ነበረች፤ አባቷ ሊቆጧት ሲነሱ ስለምትስቅ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የሚቆጧት።

ደግሞኮ ውሸት አይደለም። ተሸክማለች። የድንኳን እንጨት ተሸክማለች፣ ካስማ ተሸክማለች፣ ከበሮና የጀነሬተር ነዳጅ ተሸክማለች፣ አንድ ጊዜም ሰክሮ የተኛ መለከት ነፊ ከነመለከቱ ተሸክማ መኪና ላይ ጭናለች። ከሁሉ በላይ ግን ለአሥራ ስምንት ዓመት፣ በቀን ሁለቴ፣ በበዓል ቀን ሦስቴ፣ ትከሻዋ ላይ ያቆመቻት ላባን ራሷን ነው። ላባ ያኔ አርባ ስድስት ኪሎ ነበረች። አሁንም ሃምሳ አልሞላችም፤ የምትበላው የት እንደሚገባ የሚያውቅ የለም።

ሁለቱ እህትማማቾች የሚኖሩት የላባ ልጅ ቤት ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ፣ አንዱ የሱ፣ አንዱ የነሱ። በነሱ ክፍል ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ገብቶ መሐል የቀረው ቦታ ለአንድ ሰው እግር ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት አንዷ ተነስታ እስክትወጣ ሌላዋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ተራ ትጠብቃለች። ልጁ ፋርማሲስት ነው። ደግ ነው፣ ዕድሜ ይስጠው፣ ግን ነገርን ሁሉ እንደ መድኃኒት በመጠን ነው የሚሰጠው። እትዬ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ላይ ወገቧን ካመማት ወዲህ ፍሪጁ በር ላይ «እትዬ የማታነሳቸው» የሚል ዝርዝር ለጥፏል፦ የጋዝ ሲሊንደር፣ የሩዝ ከረጢት፣ ፍራሽ፣ ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ። ባልዲ የሚለው አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «ግማሽ» ይላል። ሲያሰላው ከአራት ኪሎ በላይ ክልክል ነው።

ልጁን ዘወትር ግራ የሚያጋባው ሌላ ነገርም አለ። ላባ መጋረጃ ለመስቀል ወይ አምፖል ለመቀየር በርጩማ ላይ ከመውጣቷ በፊት «ልውጣ?» ብላ ትጮኻለች። እትዬ ወጥ ቤትም ትሁን ደረጃው ላይ፣ «ውጪ!» ትላለች። ካላለች ላባ አትወጣም። አንድ ቀን እትዬ ሱቅ ሄዳ ስትቆይ፣ ላባ አንድ እግሯን በርጩማው ላይ አድርጋ አርባ ደቂቃ ስትጠብቅ ልጇ ደረሰባትና «እማዬ፣ ደኅና ነሽ?» ብሎ ግንባሯን ዳበሰ። የሰርከስ ልማድ ነው። በድሮው ሰርከስ ማንም ሰው ሳይጠይቅ ሰው ላይ አይወጣም ነበር፤ ከታች ያለው «ውጣ» ካላለ አለቃው ራሱ ቢጮህ የሚወጣ የለም። ላባ ይህን ከጨዋነት ትቆጥረዋለች፤ ሰው ቤት ከመግባት በፊት በር እንደማንኳኳት ያለ ነገር።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ፎቶው አለ። ላባ በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ክንዶቿን ዘርግታ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ባዶ አየር ላይ የቆመች የምትመስልበት ነው። ፍሬም ሠሪው ያለው ፍሬም አልበቃ ሲለው ፎቶውን ከታች በኩል ቆርጦታል፤ ስለዚህ ላባ ባቷ ላይ ታልቃለች። ባቶቿን ግን ጣቶች ይዘዋቸዋል፣ ወፍራም ወፍራም ጣቶች። እንግዳ ሲመጣ «እነዚህ ደግሞ የማን ናቸው?» ይላል። ላባ ስለ መብራቱ፣ ስለ ቀሚሷ፣ ስለ ጭብጨባው ስታወራ፣ እትዬ ሻዩን እያቀረበች ጣቶቿን ታወዛውዝለታለች። ላባ የሚለውን ስም ያወጣላት የድሮው አለቃ ነው። ለእትዬ ስም አላወጣም፤ «ያቺ ከታች ያለችው» ብቻ ነበር የሚላት።

እስከዛሬ ይህ ሁሉ ቀልድ ነበር። የዛሬው ግን ቀልድ አይደለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዲሱ ሰርከስ ይከፈታል፤ ላባ የክብር እንግዳ ናት፤ ማይክ ይዛ የድሮውን ታሪክ ትናገራለች፤ እሱም በካሜራ ይቀረጻል። ከድሮዎቹ በሕይወት ያሉት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ላባ ዛሬ የምትለው፣ ያ ብቻ ነው ታሪክ ሆኖ የሚቀረው። እትዬ ሳቋ በረድ ሲልላት የምትፈልገውን በደንብ አወቀችው፦ ላባ በገዛ አፏ፣ ማንም ሳይጎተጉታት፣ «የተሸከመችኝ እሷ ናት» እንድትል። «እኔማ አልነግራትም፣ ሞቼ ነው!» አለች ለፎጣው። ፊቷን ታጥባ ወጣችና ባልዲዋን አነሳች።

ላባ ሦስት ቀሚስ ለክታ አራተኛውን ለበሰች። የብር ቀለም ያለው ጫማዋን አደረገች፤ ያ ጫማ ከሰርከሱ ዘመን የተረፈ ነው፣ ሶሉ አራት ጊዜ ተቀይሯል፤ ዋናው ጫማ ከየቱ በኩል እንደቀረ እንጃ። እትዬ ዝርግ ጫማዋን አጥልቃ ኪሷ ውስጥ ብስኩት ከተተች። ታክሲ ተኮናተሩ፤ ሹፌሩ ሦስት መቶ ጠርቶ ላባ ስለ ሰርከሱ ስታወራው ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ደከመ። መንገዱን ሙሉ ላባ አላቋረጠችም። እትዬ በመስኮቱ እያየች በየመብራቱ በሳቅ ፍርፍር ትላለች።

«ምን ሆነሽ ነው ዛሬ የሚያስቅሽ?»

«ምንም። ዕቃ እንዳንረሳ ብዬ እያሰብኩ ነው።»

ላባ ቦርሳዋን ከፍታ አየችና «ሁሉም አለ» ብላ ዘጋችው። እትዬ ሹፌሩ በመስታወቱ እስኪያያት ሳቀች።

ላባ ለሹፌሩ የነገረችው ሁሉ እውነት ነው፤ የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የድሮው ሰርከስ ሁለት የጭነት መኪና፣ ሃያ አንድ ሰው፣ አንዲት መቁጠር የምትችል ፍየልና ከዱቄት ጆንያ የተሰፋ ድንኳን ነበር። ድንኳኑ ዝናብ ሲመታው ስለሚቦካ ተመልካቹ ነጭ ነጭ ሆኖ ነበር ወደ ቤቱ የሚሄደው። አንድ ከተማ ገብተው ካስማ ሲመቱ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ፖሊሱ ቆቡን አውልቆ ከፊት ይቀመጣል፣ ፀጉር ቆራጩ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ጥሎት ይመጣል። ከዚያ በየከተማው ቪዲዮ ቤት ተከፈተ። የመጨረሻው ትርኢት ላይ ተመልካቹ ከሠራተኛው አነሰ፤ ፍየሏ ተመልካቾቹን ቆጥራ አሥራ አራት ጊዜ እግሯን መታች፤ ማንም አልሳቀም። ድንኳኑን እህል ነጋዴ ገዝቶ የማሽላ ክምር አለበሰበት። ላባ ልብስ መሸጫ ገባች። እትዬ ሆስፒታል በሽተኛ አልጋ ወዳልጋ የምታዛውር ሆና ሃያ ስድስት ዓመት ሠራች፤ ያው፣ ማንሳት ነው።

አዲሶቹ ሌላ ዓይነት ናቸው። ሁሉም የቀን ሥራ አላቸው፦ ዳቦ ጋጋሪ፣ ፀጉር ሠሪ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አንድ የሒሳብ አስተማሪ። ሁለት ዓመት በአንድ የስፖርት አዳራሽ ሲለማመዱ ቆይተው፣ ሲገለባበጡ የሚያሳይ የሰባት ሰከንድ ቪዲዮ ለቀቁና ከተማው አበደ። ድንኳኑ ሰማያዊና ቢጫ ነው፤ መግቢያው መቶ ሃምሳ፤ ትኬቱ ከትናንት በስቲያ አልቋል። አለቃው፣ ያው የሒሳብ አስተማሪው፣ ከመጽሐፍ መማር ሰልችቶት የድሮ ሰው ሲያፈላልግ ላባን አገኛት፤ ስድስት ሳምንት ቅዳሜ ቅዳሜ ወስዶ እንድታስተምራቸው አድርጓል። የዛሬው መዝጊያ በላባ ትምህርት የተሠራ ነው፤ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ፣ ልክ እንደ ፎቶው።

ፎቶውም አለ። በር ላይ የቤት ግድግዳ የሚያክል ሸራ ላይ ታትሞ ተሰቅሏል። እትዬ ከታክሲው ወርዳ ቀና ብላ አየችውና ቆመች። ላባ አየር ላይ ናት። ጣቶቹ የሉም። ሸራውን የሠራው ልጅ በኮምፒውተር ሲያሳምረው እድፍ መስለውት አጥፍቷቸዋል፤ የላባ ባት እንደ አዲስ ሻማ ጠርቷል። እትዬ ገዛ እጇን አውጥታ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። አሉ፣ አሥሩም። በዚህ ጊዜ ሳቋ ቶሎ አልመጣላትም። ከዚያ ትኬት የሚቆርጠው ልጅ «ማዘር፣ ሸራው ነው ወይ የገረመዎት?» ሲላት፣ «እግሯን ሳሙና አስነክታችሁታል» አለችውና ሳቁ መጣ።

ውስጥ የመጨረሻው ልምምድ ላይ ናቸው። ከታች የምትቆመው ዳቦ ጋጋሪዋ ናት፤ ትከሻዋ እንደ በር ሰፊ፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት የማይጠፋ። ከላይ የምትወጣው ፀጉር ሠሪዋ። ላባ ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ «እጅሽን ዘርጊ! ሚዛንሽን ፈልጊ! እኔ እንደዚያ ነበር የማደርገው!» እያለች ትጮኻለች። ፀጉር ሠሪዋ ወጣች፣ እጇን ዘረጋች፣ ሚዛኗን ፈለገች፣ ፍራሹ ላይ ዱብ አለች። ደግማ ወጣች፤ በግራ በኩል ዱብ። በሦስተኛው የአለቃውን ፀጉር ይዛ ወረደች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከአምስት አንዴ ብቻ ነበር የሚሳካላቸው፤ ዛሬ እሷም ጠፋች። የሚያስቀው እነሱ ተስፋ ሲቆርጡ እርስ በርስ ይቅርታ መጠያየቃቸው ነው። እትዬ ከመጨረሻው ረድፍ ብስኩቷን እየበላች መሳቅ ጀመረች፤ ፍርፋሪ ትን አላት፤ ሁሉም ዞሩ።

«ምን አጠፋን እማማ?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ቅር ብሏት።

እትዬ ብስኩቷን ኪሷ ከትታ ወረደች። «ስትወጣብሽ ጠየቀችሽ?»

«ምኑን?»

«ልውጣ ብላ።»

ተያዩ። ማንም አልነገራቸውም። ላባ ጨዋነት መስሏት ዘልላዋለች። እትዬ ዳቦ ጋጋሪዋን በሁለት እጇ ወገቧን ይዛ እግሯን አሰፋች፣ ጉልበቷን አላላች፣ ትንፋሿን እስከ መጨረሻው እንድታስወጣ አደረገቻት። «አሁን፣ ዝግጁ ስትሆኚ ብቻ ውጪ በያት። አንቺ ሳትዪ ከወጣችብሽ ያልተቆለፈ በር ላይ እንደ መደገፍ ነው።» ከዚያ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ሚዛን አትፈልጊ። ሚዛኑን የምትይዘው እሷ ናት። አንቺ ሚዛን ስትፈልጊ እሷም ትፈልጋለች፣ ሁለት ሰው አንድ መሪ ይዞ የት ይደረሳል? የአንቺ ሥራ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ማመን ነው። እጅሽን ከፈለግሽ ዘርጊው፤ ለፎቶ ነው።»

«ልውጣ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ። ዳቦ ጋጋሪዋ ትንፋሿን አስወጣች። «ውጪ።» ወጣችና ቆመች። ቆማ ቀረች። ዳቦ ጋጋሪዋ በትንሹ ወደ ግራ ረገጠች፣ በትንሹ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ያለችው አልተነቃነቀችም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የያዘውን ሽቦ ጥሎ ጮኸ። አለቃው እትዬን አቅፎ ሊያነሳት ሞከረና ወገቡ እንቢ አለው። ዳቦ ጋጋሪዋ ከነሸክሟ ድንኳኑን ዞረች፤ ፀጉር ሠሪዋ ከላይ እየሳቀች ታለቅሳለች።

ላባ ብቻ ከወንበሯ አልተነሳችም። እትዬ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። እትዬ ብስኩት አውጥታ አቀበለቻት፤ ላባ ተቀበለችና አልበላችውም።

«ሚዛኑን የምጠብቀው እኔ አልነበርኩም እንዴ?» አለች ላባ።

«አንቺማ ቆመሽ ነበር። ጥሩ አድርገሽ ነው የምትቆሚው።»

ላባ ብስኩቱን ለሁለት ሰበረችው፤ ከዚያ ለአራት። «የተሸከምኩሽ እኔ ነኝ» የሚለው አፏ ጫፍ ላይ ደርሶ እትዬ መለሰችው። አልነግራትም ብላለች፣ አልነገረቻትም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ስድስት መቶ ሰው ተጠቅጥቆ ገብቷል። የላባ ልጅም ፋርማሲውን ዘግቶ ነጭ ጋዋኑን እንኳ ሳያወልቅ መጥቶ ከኋላ እትዬ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ያስቸግራል። አንድ ብስክሌት ላይ ዘጠኝ ሰው ወጥቶ ዞረ፤ ዘጠነኛው ጋዜጣ ያነብ ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሰባት የበራ አምፖል እየወረወረ ቀለበ፤ ስምንተኛውን ፊት ረድፍ የተቀመጡ ሴትዮ ቀለቡለት። አለቃው በተዘረጋ ገመድ ላይ እየሄደ የማባዛት ሰንጠረዥ ተናገረና ሰባት ሲባዛ በስምንት ላይ ሆን ብሎ ተሳሳተ፤ ስድስት መቶ ሰው ጮኾ አረመው። እትዬ መቀመጥ አልቻለችም። በየመሐሉ የእህቷን ልጅ ጉልበት ትደበድባለች፣ እሱ ደግሞ «ወገብሽን!» ይላታል። በመጨረሻ ዳቦ ጋጋሪዋና ፀጉር ሠሪዋ መጡ። «ልውጣ?» «ውጪ።» ወጥታ ቆመች፤ ከዚያ ጩኸቱ ሸራውን ከካስማው ሊነቅለው ደረሰ።

ላባ ተጠራች። በብር ጫማዋ ቀጭ ቀጭ እያለች መሐል ገባች፤ ማይኩን ያዘች፤ ማይኩ ሲጥ አለ። ወረቀት አውጥታ «የጉዞ ሰርከስ በኛ ጊዜ» ብላ አንድ መስመር አነበበች። እትዬ እጇን እጇ ላይ ጭና፣ የላባን አፍ ብቻ ታያለች። ላባ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችው።

«ዛሬ ጠዋት ለአለቃችሁ እህቴ ዕቃ ትሸከም ነበር ብዬዋለሁ» አለች። «አልዋሸሁም። ዕቃው እኔ ነበርኩ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። «አሥራ ስምንት ዓመት ትከሻዋ ላይ ቆሜ፣ እንዳልወድቅ የማደርገው እኔ መስሎኝ ነበር። ያወቅሁት ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ስልሳ አምስት ዓመቴ ነው እንግዲህ፤ ዘግይቻለሁ፣ አፍሬያለሁም። ውጭ ያለው ፎቶ ላይ ጣቶች ነበሩ፣ ጣቶቹን መልሱልኝ። የሷ ናቸው። የተሸከመችኝ እሷ ናት።» ማይኩን መሬት አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ የብር ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ያለ ማይክ፣ አምፖል ልትቀይር እንደምትጮኸው አድርጋ ጮኸች፦

«እትዬ! ልውጣ?»

ስድስት መቶ ሰው ዞረ። ልጁ የእትዬን እጅጌ በሁለት እጁ ጨመደደና «እትዬ፣ እንዳታስቢው! ትሰሚያለሽ?» አለ። የያዘው ሹራቧን ብቻ ነበር፤ እሷ ከውስጡ ወጥታ ደረጃውን ወርዳለች። ስትወርድ ሰው መንገድ እየለቀቀላት፣ አንዱ እጇን እየሳመ፣ አንዷ ትከሻዋን እየነካች፣ እትዬ ምን እንደምትስቅ ራሷም አታውቅም፤ ንዴት ግን አልነበረበትም። ትከሻማ ቀርቷል፤ እብድ አይደለችም። ሰርከስ ሲገቡ መጀመሪያ የተማሩትን፣ ወንበር የሚባለውን፣ መረጠች። የድንኳኑን መሐል ምሰሶ በጀርባዋ ተደገፈች፤ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ጉልበቷን አጠፈች፤ እግሯን አሰፋች። ዳቦ ጋጋሪዋ በቀኝ፣ አለቃው በግራ፣ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ላባ በባዶ እግሯ ፊቷ ቆማ ትጠብቃለች። እትዬ አልቸኮለችም። ሰዉ ፈራች መሰለው፤ እሷ ግን ትንፋሿን እያስወጣች ነበር፣ እስከ መጨረሻው።

«ውጪ።»

ላባ አንድ እግሯን እትዬ ጭን ላይ አደረገች፣ ሌላውን ደገመች፣ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዞረች። እትዬ ወገቧን ያዘቻት። ያው ናት፤ ከአርባ ስድስት ኪሎ እፍኝ ያህል ነው የጨመረችው። ላባ ለሰላምታ እንኳ እጆቿን አልዘረጋችም። ጎንና ጎኗ ላይ ለቀቀቻቸው፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደ እንጨት ቀጥ አለች። ሰዉ ተነሳ፣ ወንበሮች ተገለበጡ፣ አምፖል የቀለቡት ሴትዮ አምፖሉን እያወዛወዙ ይጮኻሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ልጁ ሹራቡን እንደያዘ፣ ፊቱ እንደ ጋዋኑ ነጭ ሆኖ፣ እየሮጠ ደረሰ።

«ዕቃ አታንሺ አላልኩሽም? አላልኩሽም ወይ?»

«መች ዕቃ አነሳሁ?» አለች እትዬ ከላባ ቀሚስ ሥር፣ እያለከለከች። «እህቴን ነው እንጂ።»

ልጁ ሹራቡን አንገቱ ላይ ጣለና ሄዶ ከዳቦ ጋጋሪዋ ጎን ቆሞ እሱም እጁን ዘረጋ።

«ልውረድ?» አለች ላባ ዓይኗን እንደጨፈነች።

የእትዬ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ጣቶቿን ጠበቅ አደረገች።

«ቆዪ ትንሽ» አለቻት።